የእንግሊዝኛ ንግግር ምትና ቅላፄ፤ በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአንዳንድ ክልሎችም ይኸው አሠራር ከ7ኛ ክፍል ይጀምራል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለተማሪዎቻችን ራሱን የቻለ አንድ የትምህርት ዓይነት ከመሆኑም በላይ የሌሎቹን ትምህርቶች ሁሉ የሚያገኙበት መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በጽሑፍ ፈተና ጥሩ ውጤት የሚያመጣ ተማሪ ሲናገር አድማጩ ደጋግሞ «ምን አልክ?» ሲለው እናያለን። ተማሪው በበኩሉ አንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር በሬዲዮ ሰምቶ ሳይገባው ይቀራል፤ ያው ዐረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍለት ግን ወዲያው ያነበዋል። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመርም ከተማሪዎች በብዛት የተሰማው አቤቱታ «ይፈጥንብናል» የሚል ነበር።

ችግሩ የቃላት እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተማሪው በጽሑፍ የቀረበለትንም ባላነበበው ነበር። በእኛ አስተያየት አንዱ ትልቅ ምክንያት የእንግሊዝኛ ንግግር ምትና ቅላፄ በክፍል ውስጥ በሚገባ አለመሰጠቱ ነው። አገር አቀፉ ፈተና በጽሑፍ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ መምህሩም ተማሪውም ጊዜያቸውን በሚፈተነው ላይ ቢያውሉ አያስገርምም። በዚህ ጽሑፍ ምትና ቅላፄ ምን እንደሆኑ፣ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የሚቸገረው የቱ ላይ እንደሆነ፣ እንዲሁም ያለ ልዩ መሣሪያ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. ምትና ቅላፄ ምንድን ናቸው?

ማንኛውም ንግግር በቀለም በቀለም ይከፈላል። ቀለም ስንል አንድ አናባቢን ይዞ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን የድምፅ ክፍል ማለታችን ነው። ከቀለሞቹ መካከል አንዳንዶቹ ጫን ተብለው፣ ረዘምና ጎላ ብለው ይነገራሉ፤ እነዚህን ከባድ ቀለሞች እንላቸዋለን። ሌሎቹ ለስለስና አጠር ብለው ያልፋሉ፤ እነዚህን ቀላል ቀለሞች እንላቸዋለን። ከባዱና ቀላሉ እየተፈራረቁ የሚሰጡት አካሄድ ምት ይባላል። ቅላፄ ደግሞ በአንድ ሐረግ ወይም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚልበት መንገድ ነው።

ይህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ሰዎችን ያሳሰበ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆሹዋ ስቲል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ የንግግርን ዜማና ምት በሙዚቃ ምልክት መሰል ጽሕፈት ለማስቀመጥ ሞክሮ ነበር። በእኛም አገር የንባብ ቤት መምህራን የግዕዝን አነባበብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ብለው በአራት ከፍለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪው ወዳቂውን አንሥቶ፣ ተነሹን ጥሎ ቢያነብ መምህሩ እዚያው ላይ ያርመዋል። ስለዚህ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ቦታ ስም ሰጥቶ ማስተማርና ማረም ለአገራችን የትምህርት ልማድ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን ጽፈን፣ ከባዱ ቀለም በሚጀምርበት ቦታ ላይ ይህን (') ምልክት አድርገናል።

፪. የሁለቱ ቋንቋዎች ምት

በአማርኛ ቀለሞች ተቀራራቢ ጊዜ ይወስዳሉ። የግጥማችንም መለኪያ የተመሠረተው በቀለም ቁጥር ላይ ነው። የወል ቤት የሚባለው ግጥም በአንድ ስንኝ 6 እና 6፣ ሰንጎ መገን ደግሞ 5 እና 5 ቀለም ይይዛል። የእንግሊዝኛ ግጥም ግን በአብዛኛው የሚለካው በከባድ ቀለሞች ነው፤ በተለይ በልጆች መዝሙሮች ውስጥ በከባዶቹ መካከል የሚገቡት ቀላሎች ቁጥራቸው ቢበዛም ቢያንስም ምቱ አይፈርስም።

የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት።

'ጎትስ 'ኢት 'ሊቭዝ።
ዘ 'ጎትስ 'ኢት ዘ 'ሊቭዝ።
ዘ 'ጎትስ ዊል 'ኢት ዘ 'ሊቭዝ።
ዘ 'ጎትስ ኧቭ ቢን 'ኢቲንግ ዘ 'ሊቭዝ።

የመጀመሪያው 3 ቀለም፣ የመጨረሻው 8 ቀለም አለው። በአራቱም ውስጥ ያሉት ከባድ ቀለሞች ግን ሦስት ሦስት ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛ በአፍ መፍቻነት የሚናገር ሰው አራተኛውን ሲል ቀላሎቹን ጨፍልቆና አሳጥሮ በከባዶቹ መካከል ስለሚያስገባቸው የሚወስድበት ጊዜ በቀለሞቹ ቁጥር ልክ አያድግም። የእኛ ተማሪ ግን ስምንቱንም ቀለሞች እኩል ጊዜ ይሰጣቸዋል። በዚህም ምክንያት አድማጩ ፍሬ ነገሩን ከአገናኝ ቃሉ መለየት ይቸግረዋል።

ይህን ልዩነት ሊቃውንቱ በተለያየ መንገድ ገልጸውታል። አርተር ሎይድ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1940 አንዱን ዓይነት ምት ከመትረየስ ድምፅ፣ ሌላውን ከሞርስ የቴሌግራም ምልክት ጋር አመሳስሎታል። ኬኔት ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1945 ቋንቋዎችን በቀለም የሚለኩና በከባድ ቀለም የሚለኩ በማለት ስም ሰጥቷቸዋል። ዴቪድ አበርክሮምቢም እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ ሐሳብ አጠንክሮ አቅርቦታል። ኋላ ግን ፒተር ሮች እ.ኤ.አ. በ1982፣ ሬቤካ ዳወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረቧቸው ጥናቶች በመሣሪያ ሲለካ በከባዶቹ መካከል ያለው ጊዜ በእርግጥ እኩል ሆኖ እንደማይገኝ አሳይተዋል። ስለሆነም መምህሩ «ጊዜው ፍጹም እኩል ነው» ብሎ ባያስተምር ይሻላል። ለክፍል ሥራ የሚበቃን እውነት ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛ በከባድና በቀላል ቀለም መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ በቀላሉ ቀለም ውስጥ ያለው አናባቢም መልኩን ይለውጣል።

፫. ቀላል ቀለምና የፊደላችን ጠቀሜታ

እንግሊዝኛ ብዙዎቹን አነስተኛ ቃላት በሁለት መልክ ይናገራቸዋል። ለብቻቸው ሲጠሩ ሙሉ መልክ አላቸው፤ በዐረፍተ ነገር መካከል ሲገቡ ይደክማሉ። ለምሳሌ «ቱ» የነበረው «ተ» ይሆናል፤ «ፎር» ወደ «ፈ»፣ «ኦፍ» ወደ «ኧቭ»፣ «ፍሮም» ወደ «ፍረም»፣ «ዎዝ» ወደ «ወዝ»፣ «ኤንድ» ወደ «እን» ይለወጣሉ። አንድ ስኒ ሻይ ለማለት በመጽሐፍ እንደተጻፈው ቃል በቃል ከመጥራት ይልቅ «ኧ 'ከፕ ኧቭ 'ቲ» ይባላል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ትልቅ ዕድል አለው። እንግሊዝኛ በቀላል ቀለሞቹ ውስጥ የሚጠቀምበት ደካማ አናባቢ በላቲን ፊደል የራሱ ምልክት የለውም፤ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ሆሄ ስለሚጻፍ ተማሪውን ያሳስተዋል። ለእኛ ግን ከግዕዙ ድምፅ፣ ማለት ከ«በ»፣ «ለ»፣ «ተ» አናባቢ ጋር የሚቀራረብ ነው። አንዳንድ ጊዜም እንደ «ክ» እና «ም» ያለውን የሳድስ ድምፅ ይመስላል። ስለዚህ መምህሩ ሙዝን የሚያመለክተውን የእንግሊዝኛ ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ «በ'ናነ» ብሎ በፊደላችን ቢጽፈው ተማሪው ከመጀመሪያው ትክክል ወደሆነው አነጋገር ይቀርባል። የላቲኑን ጽሕፈት ብቻ አይቶ ግን ሦስቱንም ቀለሞች «ባናና» ብሎ እኩል ያነባቸዋል።

በሌላ በኩል ፊደላችን የሚያስከትለው ችግርም አለ። ተነባቢዎች ተደራርበው ሲመጡ ተማሪው በመካከላቸው ሳድስ እየጨመረ አንዱን ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ያደርገዋል። መንገድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ስትሪት» አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን፣ በተማሪው አፍ «ስ-ት-ሪት» ሆኖ ሦስት ቀለም ይወጣዋል። እንዲሁም በአማርኛ ጠብቆና ላልቶ መነበብ ትርጉም ይለያል፤ «ገና» ሲላላ እስካሁን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ታላቅነትን ይናገራል። በዚህ የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ሁለት አንድ ዓይነት ሆሄያት ተከታትለው ሲያይ አጥብቆ ያነባል። «ሰመር»፣ «ዲነር»፣ «ሀፒ» የሚሉትን ቃላት ማጥበቅ ግን አያስፈልግም፤ የሆሄው መደጋገም የጽሕፈት ልማድ እንጂ የድምፅ ጥብቀት ምልክት አይደለም።

፬. በቃል ውስጥ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ

በአማርኛ የክብደቱ ቦታ መለወጥ የቃሉን ትርጉም አይለውጥም። በእንግሊዝኛ ግን ቦታው ሲለወጥ ቃሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። 'ሬኮርድ ሲባል ስም ነው፤ ሪ'ኮርድ ሲባል ግን መቅዳት ወይም መመዝገብ የሚል ግሥ ነው። 'ፕሬዘንት ስጦታ ሲሆን ፕሪ'ዜንት ማቅረብ ነው። ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላትም ክብደታቸውን እያዛወሩ ይሄዳሉ፦ 'ፎተግራፍ፣ ፈ'ቶግረፈር፣ ፎተ'ግራፊክ። ክብደቱ በተዛወረ ቁጥር አናባቢዎቹም አብረው እንደተለወጡ ልብ እንበል። ይህን ያልተማረ ተማሪ ሦስቱን በጽሑፍ ሲያያቸው ዝምድናቸውን ያውቃል፤ በጆሮው ሲሰማቸው ግን ሦስት የማይገናኙ ቃላት ይመስሉታል።

በዕለት ኑሮ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው የቁጥር ስሕተት ነው። 30 'ሰርቲ ሲሆን 13 ሰር'ቲን ነው፤ 50 'ፊፍቲ ሲሆን 15 ፊፍ'ቲን ነው። ተማሪያችን ነገ ነርስ ሆኖ የመድኃኒት መጠን ሲነገረው፣ ወይም በንግድ ሥራ ዋጋ ሲስማማ ይህን መለየት ይኖርበታል። በእርግጥ በተከታታይ ስንቆጥር፣ ወይም ቁጥሩ ከስም በፊት ሲገባ የሰር'ቲን ክብደት ወደ መጀመሪያው ቀለም ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን «ቲን» ረዘም አድርጎ «ን»ን ማሰማት፣ ሲያጠራጥርም «አንድ ሦስት» ብሎ አኃዙን ለየብቻ መጥራት ይገባል።

ሌላው አስጊ ቦታ የመቻልና ያለመቻል አነጋገር ነው። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህሩ «ዩ ክን 'ሂት ዚስ 'ቲዩብ» ቢል ይህን ቱቦ ማሞቅ ትችላላችሁ ማለቱ ነው። «ዩ 'ካንት 'ሂት ዚስ 'ቲዩብ» ካለ ግን መከልከሉ ነው። በፈጣን ንግግር የመጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ በደንብ አትሰማም። አድማጩ ሁለቱን በዋነኛነት የሚለያቸው በክብደት ነው፤ የሚፈቅደው ቀላልና አጭር «ክን»፣ የሚከለክለው ከባድና ረዥም «ካንት» ነው። ተማሪያችን የሚፈቅደውንም «ካን» ብሎ በሙሉ ክብደት ከተናገረ ፈቃዱ እንደ ክልከላ ሊሰማ ይችላል። ሲያዳምጥም በዚያው ልክ ይሳሳታል።

፭. በዐረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ክብደት

በአንድ ሐረግ ውስጥ ካሉት ከባድ ቀለሞች መካከል አንዱ ከሁሉም ይበልጥ ይጎላል። ይህ ዋናው ክብደት አዲሱን ወይም ተፈላጊውን ነገር ያመለክታል። ተከታዩን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ከበደ ቦት ቱ ሺፕ ኢን ደሴ»። ከበደ በደሴ ሁለት በጎች ገዛ ማለት ነው። ቃላቱ ሳይለወጡ ዋናው ክብደት ብቻ ቦታውን ቢለውጥ መልሱ ይለወጣል።

ማን ገዛ? ለሚለው ጥያቄ ክብደቱ «ከበደ» ላይ ያርፋል።
ስንት ገዛ? ለሚለው «ቱ» ላይ ያርፋል።
ምን ገዛ? ለሚለው «ሺፕ» ላይ ያርፋል።
የት ገዛ? ለሚለው «ደሴ» ላይ ያርፋል።

አማርኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «በጎቹን የገዛው ከበደ ነው»፣ «ከበደ የገዛው ሁለት በግ ነው»፣ «ከበደ በጎቹን የገዛው ደሴ ነው» እንላለን። አንዳንድ ጊዜም አነስተኛ ምዕላድ ይበቃናል። «ደኅና ነኝ፤ አንተስ?» ስንል «ስ» የምትባለዋ ምዕላድ ነገሩን ወደ ሌላው ሰው ታዞራለች። እንግሊዝኛ ይህን የሚያደርገው በክብደት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ሰው «ሃው 'አር ዩ?» ይላል፤ መልስ ሰጪው በተራው ሲጠይቅ «ሃው አር 'ዩ?» ይላል። የአማርኛዋ «ስ» እና የእንግሊዝኛው ክብደት አንድ ሥራ እንደሚሠሩ ለተማሪው ከተነገረው ጉዳዩ ቶሎ ይገባዋል። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ግን ክብደቱን ሁልጊዜ በመጨረሻው ቃል ላይ ስለሚጥሉት የተጠየቁትንና የመለሱትን ማገናኘት ያስቸግራል።

፮. ቅላፄና ትሕትና

በአማርኛም ድምፅ ትርጉም ይለውጣል። «መጣ» ብለን ድምፃችንን ስንጥል ወሬ እንነግራለን፤ «መጣ?» ብለን ስናነሣ እንጠይቃለን፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ተማሪው ቅላፄን ከሀ ብሎ አይጀምርም። ማወቅ ያለበት እንግሊዝኛ የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ነው። ለጀማሪ የሚበቁት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ. ተራ መግለጫና ትእዛዝ በሚወድቅ ድምፅ ያልቃሉ።
ለ. ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን በሚሉት የጥያቄ ቃላት የሚጀምር ጥያቄም በተለመደው አነጋገር በሚወድቅ ድምፅ ያልቃል። ተማሪዎች ጥያቄ ሁሉ መነሣት ያለበት ስለሚመስላቸው ይህን ማሳሰብ ያስፈልጋል።
ሐ. አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ በአብዛኛው በሚነሣ ድምፅ ያልቃል።
መ. ብዙ ነገሮች ሲዘረዘሩ እያንዳንዱ ይነሣል፤ የመጨረሻው ይወድቃል። የመጨረሻውም ከተነሣ ዝርዝሩ ገና አላለቀም ማለት ነው።
ሠ. በዐረፍተ ነገር ጫፍ ላይ የሚጨመረው «አይደል?» መሰል ጥያቄ ድምፁ ሲነሣ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል፤ ሲወድቅ ግን ተናጋሪው የሚያውቀውን ነገር አድማጩ እንዲስማማበት መፈለጉ ነው። «ዩ አር ፍረም 'ጎንደር፣ 'አረንት ዩ?» የሚለውን በሁለቱም መንገድ ብለን ልዩነቱን ማሰማት ይቻላል።
ረ. «ሶሪ» ሲወድቅ ይቅርታ መጠየቅ፣ ሲነሣ «አልሰማሁም፤ ድገምልኝ» ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የትሕትና ጉዳይ ነው። አማርኛ አክብሮትን በግሡ ውስጥ ያስቀምጣል። «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ በቃሉ ስለተነገረ ድምፃችን ዝቅና ረጋ ያለ ቢሆን ማንም አይቀየመንም፤ እንዲያውም በታላቅ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛ ግን ለታናሹም ለታላቁም «ዩ» ብቻ ይላል። ስለዚህ በአማርኛ ግሡ ከሚሸከመው አክብሮት ብዙው በእንግሊዝኛ በአጠያየቁና በቅላፄው ላይ ይወድቃል። ተማሪያችን «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው፣ ፕሊዝ» የሚለውን ልመና ቃላቱን በትክክል ደርድሮ፣ ድምፁን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተካክሎና ጥሎ ቢናገረው አድማጩ ትእዛዝ ወይም ቁጣ ሊመስለው ይችላል። ተማሪው በልቡ አክብሮ ሳለ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ለሥራ ሲጠየቅ፣ በዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር መምህር ጋር ሲነጋገር፣ ወይም በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ይህ ከሰዋስው ስሕተት ይበልጥ ይጎዳዋል። አድማጩ የሰዋስው ስሕተትን የቋንቋ ችግር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የቅላፄን ስሕተት ግን የጠባይ ጉድለት አድርጎ ይወስደዋል።

፯. ግባችን ምን ያህል ይሁን?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ተማሪው እንደ ለንደን ሰው መናገር አለበት ወይ? በጎረቤታችን በኬንያ፣ እንዲሁም በኡጋንዳ ብዙ ሰዎች እንግሊዝኛን ቀለሞቹን በተቀራረበ ርዝመት እየጠሩ ይናገሩታል፤ በመካከላቸውም መግባባት አላቸው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ለመግባባት አስፈላጊ የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት ሞክረዋል። እንደ እርሳቸው አስተያየት ዋናውን ክብደት በትክክለኛው ቃል ላይ ማሳረፍና ንግግርን በተገቢው ሐረግ መክፈል አስፈላጊ ናቸው። አነስተኛ ቃላትን ማድከምና የቅላፄውን ዝርዝር መከተል ግን ለመግባባት የግድ አይደሉም።

እኛ ይህን አስተያየት በግማሽ እንቀበለዋለን። ለመናገር ሲሆን ተማሪው ዋናውን ክብደት፣ የሐረግ አከፋፈልን፣ የቁጥሮችን ልዩነት፣ የመቻልና ያለመቻልን አነጋገር እንዲሁም የልመናን ቅላፄ ቢያውቅ ይበቃዋል፤ ሌላው ቢቀርበት አንወቅሰውም። አማርኛነቱ በአነጋገሩ ቢታወቅም ነውር የለበትም። ለማዳመጥ ሲሆን ግን የደከሙትን ቃላት ሁሉ መለየት አለበት፤ ምክንያቱም በሬዲዮ፣ በፊልምና በትምህርት ስርጭት የሚያጋጥሙት ተናጋሪዎች ለእርሱ ብለው አነጋገራቸውን አይለውጡም። ከላይ የጠቀስነው የ«ይፈጥንብናል» አቤቱታ አንዱ መነሻም እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው የጨፈለቃቸውን ቀለሞች ተማሪው በሙሉ መልካቸው እየጠበቀ ስለሚያዳምጥ አንዱን ሲፈልግ ሌላው ያመልጠዋል።

፰. በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ልምምዶች

60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን ማናገር ከባድ ነው። ቢሆንም በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 5 ደቂቃ ብንመድብ ብዙ መሥራት ይቻላል። የሚከተሉት ልምምዶች በአብዛኛው ጠመኔና ጆሮ ብቻ የሚጠይቁ ናቸው።

1. መታ መታ ማድረግ። መምህሩ ከላይ ያየናቸውን የፍየሎች ዐረፍተ ነገሮች በተራ ሲናገር ተማሪዎች በከባዱ ቀለም ላይ ብቻ በእርሳስ ዴስካቸውን ይመታሉ። መጀመሪያ ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎ እየመቱ ያዳምጣሉ፤ በመጨረሻ እየመቱ ይናገራሉ። ምቱ ሳይፈጥን ቀላሎቹ ቀለሞች እንዲጨመሩ ያደርጋል።

2. አፍን ዘግቶ ማዜም። ቅላፄን ለማሰማት ቃላቱን ትቶ ዜማውን ብቻ አፍን ዘግቶ ማሰማት ይጠቅማል። ተማሪዎች ድምፁ ወደቀ ወይስ ተነሣ የሚለውን በእጃቸው ያሳያሉ። ቃሉ ስለሌለ ጆሮአቸው በዜማው ላይ ያርፋል።

3. ከኋላ መጀመር። ረዥም ዐረፍተ ነገር ከፊት እየተቀጠለ ሲለማመዱት መጨረሻው ይበላሻል። ስለዚህ ከመጨረሻው ሐረግ ጀምሮ ወደ ፊት መጨመር ይሻላል፦ «ዘ 'ሊቭዝ»፤ «'ኢቲንግ ዘ 'ሊቭዝ»፤ «ኧቭ ቢን 'ኢቲንግ ዘ 'ሊቭዝ»፤ በመጨረሻ ሙሉው። እንዲህ ሲደረግ የመጨረሻው ቅላፄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ ይቆያል።

4. ጥያቄ እየለወጡ መመለስ። የከበደን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አንደኛው ረድፍ ጥያቄውን ይጠይቃል፤ ሌላው ረድፍ ክብደቱን አዛውሮ ይመልሳል። ከዚያም በተቃራኒው መምህሩ መልሱን ይናገርና ተማሪዎች ጥያቄው የትኛው እንደነበረ ይናገራሉ።

5. የጆሮ ፈተና። መምህሩ አሥር ጥንዶችን ያዘጋጃል፤ 13 ወይም 30፣ 15 ወይም 50፣ «ክን» ወይም «'ካንት»። አንዱን ብቻ ሲናገር ተማሪው የሰማውን በወረቀት ላይ ይጽፋል። ለማረም 3 ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎም ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጽፋል። የጻፈው ከተነገረው ጋር ካልተስማማ ስሕተቱ የተናጋሪው ይሁን የአድማጩ አብረው ይመረምራሉ።

6. ያልተነገሩትን መሙላት። ከሬዲዮ ወይም ከስልክ ላይ አንድ አጭር ንግግር አሰምቶ ተማሪዎች መጀመሪያ የሰሟቸውን ከባድ ቃላት ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ቀጥሎ በሰዋስው እውቀታቸው በመካከል መኖር ያለባቸውን አነስተኛ ቃላት ይሞላሉ፤ በመጨረሻም እንደገና አዳምጠው ያረጋግጣሉ። በዚህ ሥራ ተማሪው ንግግርን ማዳመጥ እያንዳንዱን ቃል መያዝ እንዳልሆነ ይማራል።

7. ጽሑፍን አዘጋጅቶ ማንበብ። ተማሪው ጮኾ ከማንበቡ በፊት በሐረጎች መካከል ጭረት፣ በየሐረጉ ዋና ክብደት ስር መስመር ያድርግ። ያልተዘጋጀ ንባብ የመትረየሱን ምት ብቻ ያጠናክራል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የቆየ ልማድን ማንሣት ተገቢ ነው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ከመምህሩ በኋላ የሚደግመው አሠራር ለዓይን አፋሩ ተማሪ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ይቅር አንልም። ነገር ግን ብዙ ሰው አብሮ ሲደግም ቀለሞቹ ሁሉ እኩል እየሆኑ ይሄዳሉ፤ የቀላሎቹ መድከም ይጠፋል። መፍትሔው ኅብረ ድምፁን በየረድፉ አሳንሶ፣ በሹክሹክታ ማስደገም ነው። በሹክሹክታ ጩኸት ስለማይኖር ርዝመትና እጥረት ጎልተው ይሰማሉ።

መምህሩ ራሱ የእንግሊዝኛን ምት በሚገባ አልያዘም ተብሎ ቢሰጋስ? ይህ ልምምዱን ሊያስቀር አይገባም። በብዙዎቻችን ኪስ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። መምህሩ አንዲት አጭር የዜና ዐረፍተ ነገር ከሬዲዮ ቀድቶ፣ ራሱ ደግሞ ቀድቶ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ቢያዳምጥ ከባዶቹ ቀለሞች የት ላይ እንደተለያዩ ራሱ ያገኘዋል። የአንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህራን በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው ይህን ቢያደርጉ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የሌሎች ትምህርቶች መምህራንም፣ በተለይ ቤተ ሙከራ የሚያሠሩት፣ «ክን»ና «'ካንት»ን ለይተው እንዲናገሩ ማሳሰብ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው የእንግሊዝኛ ምት በከባድና በቀላል ቀለም ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ክብደቱ በቃል ውስጥ ትርጉም ይለያል፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ አማርኛ በ«ነው» እና በ«ስ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። አማርኛ በግሥ የሚገልጸውን አክብሮት እንግሊዝኛ በብዛት በቅላፄ ይገልጻል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ለዚህ የሚያስፈልገውን ደካማ አናባቢ በቋንቋው ውስጥ ስላለው፣ ፊደሉም ሊያሳየው ስለሚችል፣ ሥራው የተፈራውን ያህል ከባድ አይደለም።

የሥራ ባልደረቦቻችን ከላይ ከዘረዘርናቸው ልምምዶች ሁለቱን ብቻ፣ ማለትም የጆሮ ፈተናውንና ጥያቄ እየለወጡ መመለሱን፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሞክረዋቸው፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሳምንት አንድ ዓይነት አሥር ጥያቄ ሰጥተው ውጤቱን ቢያስተያዩ ጥሩ ነው። ተማሪዎችም በበኩላችሁ ዛሬ ማታ የእንግሊዝኛ ዜና ስታዳምጡ ቃሉን ሁሉ ለመያዝ አትድከሙ፤ እርሳስ ይዛችሁ ከባዶቹን ቀለሞች ብቻ ምቱ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ፈጠነብኝ» የምትሉት ንግግር ረጋ እያለላችሁ እንደሚሄድ ትገነዘባላችሁ።